«ተምሮ ማን አለፈለት?» ለምትሉ

ደሴ ላይ የትምህርት ቤት መዋጮ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ይህችን ንግግር መስማት ታክቶኛል። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ የወላጅ መምህር ኅብረቱን መዝገብ የምይዘውም እኔው ነኝ። ጥቃቅኖቹን ቶሎ ላራግፍ።

«መንግሥት በጀት ይመድባል፣ መዋጮ ምን ያደርጋል?» በጀቱን በአብዛኛው ደመወዝ ይበላዋል። የተሰበረ ዴስክ ማን ያስጠግን?

«የእኔ ልጅ የግል ነው የሚማረው።» መርፌ የምትወጋው ነርስስ የት የተማረች መሰለዎት?

«ዩኒቨርሲቲ እንደሁ በነፃ ነው።» ወጪ መጋራት ከመጣ 20 ዓመት አልፎታል፣ እባካችሁ!

ወደ ዋናው። አንድ የሰኞ ገበያ ነጋዴ በስብሰባ መሐል ተነሥተው፣ «የጎረቤቴ ልጅ በአካውንቲንግ ተመርቆ ከፒያሳ ቧንቧ ውኃ ሰፈር ባጃጅ ይነዳል፤ እኔ ከ6ኛ አቋርጬ ፎቅ ሠራሁ» አሉ። ቤቱ አጨበጨበ። ጋሼ፣ አብረውዎት ያቋረጡትስ? አንዱን አውቀዋለሁ፤ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ጭነት ያወርዳል። ከአቋራጮች ዕድለኛውን፣ ከተመራቂዎች ዕድለ ቢሱን መርጦ ማወዳደር ሒሳብ አይባልም።

ሌላው የፈተናውን ውጤት ያነሣል። እውነት ነው፣ በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የኩረጃ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ የተጋለጠው ግን የዓመታት ጉድለት ነው። ቤተ ሙከራ ያላየ ልጅ ፊዚክስ ወደቀ ተብሎ ቤተ ሙከራው ይቅር ይባላል?

ደግሞ ተስፋ መቁረጥ ብቻውን ኪስ አይዘጋም። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የሦስት ኢኮኖሚስቶች ጥናት በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በጣሊያንና በስዊድን ሰዎችን ጠይቆ ነበር። የድሃ ልጅ ከድህነት የመውጣት ዕድሉ ጠባብ መሆኑ ሲነገራቸው ግራ ዘመሞቹ፣ ማለትም መንግሥት ሀብት ያከፋፍል ባዮቹ፣ በተለይ ለትምህርት ይውጣ የሚሉትን ወጪ ከፍ አደረጉ። ቀኝ ዘመሞቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ መንግሥትን አያምኑማ። የእኛም ሰው ነገር ይኸው ይመስለኛል። «ማን አለፈለት» ይበል እንጂ በሆዱ «ብሩን ማን በላው» እያለ ነው።

እንግዲያው ይህንኑ ጥያቄ ጠይቁ! ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ። ወጪው በየወሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ በሉ። ከወላጅ ሁለት ሰው መርጣችሁ ሒሳብ አስመርምሩ። ባለፈው መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ «ኑ እዩ» ብል የመጣው አንድ አባት ነው። የመጥረጊያ ዋጋ በዛ ብለው ሲሞግቱኝ ቆዩና ከፍለው ሄዱ። የቀራችሁት፣ መዝገቡ ቢሮ አለ።