የመንገደኞች ጄት የካቢን ግፊት መጥፋትና መጠባበቂያዎቹ

የመንገደኞች ጄት ከ35 እስከ 41 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ሲበር የውጭው አየር ሰው የማይኖርበት ስስ ነው። ስለዚህ ካቢኑ፣ ማለትም ሰዎች የሚቀመጡበት ክፍል፣ በተጨመቀ አየር ይሞላል፤ ግፊቱም ቢበዛ የ8 ሺህ ጫማ ከፍታን ያህል እንዲሆን ይደረጋል። በቦይንግ 787 እና በኤርባስ ኤ350 ይህ 6 ሺህ ጫማ ነው። ቦሌ ኤርፖርት 7,600 ጫማ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ከዚያ በ787 የተነሳ ሰው ሰማይ ላይ ሲደርስ ካቢኑ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ስፍራ ይሆንለታል።

አብዛኞቹ ጄቶች አየሩን የሚያገኙት ከሞተሮቹ መጭመቂያ ነው፤ 787 ግን በኤሌክትሪክ መጭመቂያዎች ይጠቀማል። አየር ያለማቋረጥ ስለሚገባ ግፊቱን የሚወስነው የአየር መውጫው ቫልቭ (የሚከፈትና የሚዘጋ በር) ነው። በቦይንግ 737 ይህን ቫልቭ የሚቆጣጠሩት ሁለት ኮምፒውተሮች ናቸው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይረከባል፣ ሁለቱም ቢያቅታቸው አብራሪው በእጁ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ግፊቱ ከልክ ካለፈም ሌሎች ቫልቮች በራሳቸው ያስተነፍሳሉ።

የካቢኑ ከፍታ (የውስጡ ግፊት የሚመስለው ከፍታ) 10 ሺህ ጫማ ሲደርስ አብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል፤ 14 ሺህ ገደማ ሲደርስ የኦክስጅን ጭምብሎች ይወርዳሉ። ጭምብሉን ወደ ራስ መሳብ ግድ ነው፤ በብዙ አውሮፕላኖች ኦክስጅን የሚያመነጨውን ኬሚካል የሚያስነሳው ያ መሳብ ነው። የጭምብሉ ከረጢት ባይነፋም ኦክስጅኑ ይመጣል፤ የተቃጠለ ነገር ቢሸትም አያስደንግጥ። አመንጪው አንዴ ከተነሳ አይቆምም፣ በኃይልም ይግላል። በ1996 ፍሎሪዳ ላይ የቫሉጄት 592 አውሮፕላን የጋየው እንዲህ ያሉ አመንጪዎች በዕቃ ክፍሉ በመጫናቸው ነው፤ 110 ሰዎች ሞቱ።

ኦክስጅኑ ብዙ ጊዜ የሚበቃው ለ12 ደቂቃ ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ሥራው መውረጃ ጊዜ መግዛት ብቻ ነው። በ35 ሺህ ጫማ ያለ ኦክስጅን ሰው በትክክል ማሰብ የሚችለው ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ነው፤ «ልጅዎን ከመርዳትዎ በፊት የራስዎን ያጥልቁ» የሚባለውም ለዚህ ነው። አብራሪዎች ኦክስጅኑ ከሲሊንደር የሚመጣ ጭምብላቸውን በ5 ሰከንድ፣ በአንድ እጅ ማጥለቅ አለባቸው። ከዚያ የሞተሩን ኃይል ቀንሰው፣ የክንፉን የአየር ፍሬን ከፍተው ወደ 10 ሺህ ጫማ ይወርዳሉ። ከበታቻቸው ሂማላያን የመሰለ ተራራ ካለ ግን ይህ አይቻልም፤ የማምለጫ መስመሩ አስቀድሞ ይቀየሳል፣ ረዘም ያለ ኦክስጅንም ያስፈልጋል።

ግፊቱ በድንገት ቢጠፋ ድምፁና ጭጋጉ ራሳቸው ይናገራሉ። በጥር 2024 የአላስካ አየር መንገድ 737 ማክስ 9 ጥቅም ላይ ያልዋለ የበር ቦታ የሚደፍነው ክፍል በ16 ሺህ ጫማ ገደማ ተገንጥሎ ሄዷል፤ ሁሉም በሕይወት ተርፈዋል። የባሰው ቀስ ብሎ የሚጠፋው ነው፤ አእምሮ ሲደክም ደካማነቱን አያውቅምና። ነሐሴ 2005 በሄሊዮስ አየር መንገድ በረራ 522 ላይ የግፊት መቆጣጠሪያው ከጥገና በኋላ በ«እጅ» አሠራር ላይ ቀርቶ ነበር። ማስጠንቀቂያው ሲጮህ አብራሪዎቹ የመነሻ ዝግጅት ስህተት መሰላቸው፤ ድምፁ አንድ ዓይነት ነበርና። ራሳቸውን ሳቱ፤ አውሮፕላኑም በራሱ እየበረረ አቴንስ አጠገብ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፣ 121 ሰዎችም አለቁ። ከዚያ ወዲህ በ737 ሁለቱን ማስጠንቀቂያዎች የሚለዩ መብራቶች ተጨምረዋል።