«አንገቱ ጠንክሯል፣ አሁን ወደ ፊት ይዙር»

ሕፃን መኪና ውስጥ የሚጓዘው ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ አዙሮ በሚያስቀምጠው የልጅ ወንበር ነው። ልጅ አንደኛ ዓመቱን በደፈነ ማግስት ይህን ወንበር ወደ ፊት ማዞር እንደ ጥርስ ማብቀልና እንደ ዳዴ የዕድገት ምልክት ተደርጎ ይታያል። «አልዞረም እንዴ እስካሁን?» ብለው የሚጠይቁ ዘመዶችም አይጠፉም። ወደ ፊት የዞረ ልጅ ግን ከለላ ይቀነስበታል እንጂ የሚጨመርለት ነገር የለም።

ለመዞሩ ከሚሰጡት ምክንያቶች ሁሉ የሚያታክተው «አንገቱ ጠንክሯል» የሚለው ነው። ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ዞር ብሎ ያያል፣ ስለዚህ ደርሷል ይባላል። ጭንቅላትን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ጡንቻ ነው። በግጭት ጊዜ ግን ጡንቻ ለመኮማተር እንኳ ፋታ አያገኝም፤ ሸክሙ የሚያርፈው አጥንትና ጅማት ላይ ነው። የአዋቂ ሰው እያንዳንዱ የአንገት አጥንት አንድ ወጥ ነው። የሕፃኑ ግን በልም አጥንት የተያያዙ ቁርጥራጮች ናቸው። ከኋላ ያሉት ቅስቶች እርስ በርስ የሚገጥሙት ከ2 እስከ 3 ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ከፊተኛው የአጥንቱ አካል ጋር የሚዋሃዱት ደግሞ ከ3 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ። ልጁ ወፍራም ስለሆነ ወይም ቶሎ ስለቆመ ይህ አይፈጥንም።

ጅማቱም ልል ነው። የሕፃን አከርካሪ እስከ 5 ሴንቲሜትር ሊለጠጥ ይችላል፤ በውስጡ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ግን ከ6 ሚሊሜትር ገደማ በላይ ከተሳበ ይበጠሳል። ለዚህ ነው አንዳንድ ጊዜ አጥንት ሳይሰበር፣ ራጅ ላይ ምንም ሳይታይ፣ ሕብለ ሰረሰር የሚጎዳው።

አሁን የዚያን አንገት ሸክም እንመዝን። የ10 ኪሎ ልጅ ጭንቅላት ብቻውን 2.5 ኪሎ ያህላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ቢቆም እያንዳንዱ ነገር ከክብደቱ 14 እጥፍ በሆነ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል። ያ ጭንቅላት 35 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ወደ ፊት የዞረው ልጅ ደረቱ በማሰሪያው ተይዞ ይቀራል፤ ጭንቅላቱ ጉዞውን ይቀጥላል፤ 35 ኪሎውን የሚያስቆመው ከላይ ያየነው አንገት ነው። ጀርባውን ለመንገዱ የሰጠው ልጅ ግን ጭንቅላቱም አንገቱም ጀርባውም አንድ ላይ ወንበሩ ላይ ይለጠፋሉ፣ ኃይሉም በሰፊ ቦታ ይከፋፈላል። ስዊድናዊው በርቲል አልድማን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ኋላ የሚያይ ወንበር የሠራው፣ የጠፈር ተጓዦች ሲተኮሱ ጀርባቸውን ተደግፈው መጋደማቸውን ልብ ብሎ ነው። በስዊድን ልጆች እስከ 4 ዓመት ገደማ እንዲህ ይጓዛሉ።

«አንድ ዓመት» የሚለው ቁጥር የመጣው አንድ ዓመትና 9 ኪሎ ይበቃል ከሚል የቆየ ምክር ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2011 ወደ 2 ዓመት ከፍ አደረገው። በ2018 ደግሞ ዕድሜውን ጭራሽ አውጥቶ፣ ወንበሩ የሚፈቅደው የክብደት ወይም የቁመት ጣሪያ እስኪደረስ ይቆይ አለ። የልጆችን የመኪና ወንበር የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 129 ከ15 ወር በፊት ማዞርን ይከለክላል። 15 ወር የመጨረሻው ወለል ነው፤ ቀጠሮ አድርገው የሚጠብቁት ተሳስተዋል።

«እግሩ ይታጠፋል፣ ይሰበራል።» ልጆች ሜዳ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ማየት ይበቃል፤ መታጠፍ አያስቸግራቸውም። እንዲያውም ለእግር የሚያሰጋው ወደ ፊት መዞር ነው፤ እግር ተወርውሮ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ይመታልና። ለነገሩ የተሰበረ እግር በጄሶ ይድናል።

«ከኋላ ብንገጭስ?» ከኋላ የሚመጣው መኪና በአብዛኛው ወደ እርስዎ አቅጣጫ ስለሚሄድ የፍጥነት ልዩነቱ ያንሳል። ከባድ ግጭት የሚበዛው ከፊት ነው።

«ፊቱን ማየት አልችልም።» የሚነዳ ሰው መንገዱን ይይ።

ወደ ኋላ መቀመጥን የምንደግፈውም አንድ ነገር እንተው፦ «5 እጥፍ ይሻላል» የሚለውን ቁጥር። እ.ኤ.አ. በ2007 ከታተመ ጥናት የተወሰደ ነው፤ ጥናቱ በስሌት ችግር ምክንያት በ2018 ተሰርዟል። የአንገቱ ነገር ያለዚያ ቁጥርም ራሱን ችሎ ይቆማል።

«ወንበሩ ጠቦታል» ለሚሉ ደግሞ፦ እግሩን ትተው ጭንቅላቱን ይመልከቱ። በብዙ ወንበሮች የልጁ አናት ከወንበሩ ጀርባ ጫፍ ቢያንስ 2.5 ሴንቲሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በሌሎች በሴንቲሜትር የተጻፈ የቁመት ጣሪያ አለ። ክብደቱ እንደ ወንበሩ ይለያያል፦ ለአራስ ብቻ የተሠሩት ብዙ ጊዜ እስከ 13 ኪሎ፣ ትልልቆቹ እስከ 18፣ አንዳንዶቹ እስከ 25 ኪሎ። ከክብደትና ከቁመት ቀድሞ የሞላው ይወስናል። የአራስ ወንበሩ ከሞላ የሚቀጥለው ሌላ ትልቅ ወደ ኋላ የሚያይ ወንበር ነው፤ ብዙዎች እዚህ ጋ ነው የሚያዞሩት።

አቀማመጡ ከተበላሸ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። የትከሻ ማሰሪያው ከትከሻው እኩል ወይም ዝቅ ብሎ ይውጣ፤ ከፍ ካለ ልጁ በግጭት ጊዜ ሽቅብ ይንሸራተታል። ማሰሪያውን ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይሞክሩ፤ ከታጠፈልዎ ላልቷል። ወፍራም ጃኬት ይውለቅ፣ ከፈለገ ከታሰረ በኋላ ከላይ ይደረብለት። ወንበሩን ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ይዘው ግራ ቀኝ ይነቅንቁ፤ ከ2.5 ሴንቲሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። የላይኛው ጫፍ ቢወዛወዝ አይደንግጡ። በአውሮፓ ደንብ በተሠሩ ወንበሮች ወደ ኋላ ለሚያየው የቀበቶው መንገድ በሰማያዊ፣ ወደ ፊት ለሚያየው በቀይ ምልክት ተደርጎበታል፤ ሁለቱን መቀላቀል የተለመደ ስህተት ነው። ኤርባጉ ባልተዘጋ የፊት ወንበር ላይ ደግሞ በፍጹም አያስቀምጡት፤ ሲፈነዳ የሚመታው ከልጁ ጭንቅላት ጀርባ ያለውን የወንበሩን ጀርባ ነው።

መኪናው ከጠበበ፣ ራሱን ችሎ የሚቀመጥ ልጅ የወንበሩ መመሪያ በሚፈቅደው መጠን ቀና ሊል ይችላል፤ ቀና ሲል የሚይዘው ቦታ ይቀንሳል። አራስ ግን ወንበሩ ላይ ምልክት የተደረገበትን የመጋደሚያ መስመር ጠብቆ ይቆይ፤ ቀና ከተደረገ ጭንቅላቱ ወደ ደረቱ ወድቆ የመተንፈሻ ቧንቧውን ሊያጥፈው ይችላል።

ጣሪያው በእውነት ሞልቶ የሚዞርበት ቀን ሲመጣ ማሰሪያው ከትከሻው እኩል ወይም ከፍ ወዳለው ቀዳዳ ይዛወራል። ከወንበሩ አናት የሚወጣው የኋላ ማሰሪያ ካለ፣ መኪናው ላይ ካለው መያዣ ጋር ተወጥሮ ይታሰር፤ የጭንቅላቱን ወደ ፊት መወርወር ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ይቀንሳል።