ዲ-ሉፕ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ስለ አልጌ አንድ ማብራሪያ አነበብኩ። የክሎሮፕላስት (በብርሃን ምግብ የሚሠራው የሕዋስ ክፍል) ዲኤንኤ መባዛት ሲጀምር «እንደ ዚፕ ከጫፍ ይከፈትና ሁለቱም ክሮች እኩል ይገለበጣሉ፤ ይህ ዲ-ሉፕ ይባላል» ይላል። ዲ ማለትም ዲኤንኤ ነው ብሎታል። ወንድሜ፣ ሁለቱም ልክ አይደሉም። ይህን ስህተት ስንቴ አይቼ አለፍኩት፤ ዘንድሮ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ዲ የመጣችው ገፍቶ ቦታ ማስለቀቅን ከሚገልጽ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። የነገሩ ፍሬም ያ መገፋት ነው።

ዚፕ ካልን እንግዲህ ዚፕ ይሁን። የጦሳን ብርድ የቻለ የደሴ ጃኬት ሲያረጅ ዚፑ ሆዱ ላይ ይፈነዳል። ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁጭ ብሎ ያየ ያውቀዋል፤ ላይና ታቹ ግጥም እንዳለ መሃሉ ብቻ አፉን ይከፍታል። የክሎሮፕላስቱም ዲኤንኤ የሚከፈተው እንዲህ ከመሃል ነው። ሁለቱ የዚፕ ወገኖች ሁለቱ ክሮች ናቸው እንበል፤ አሁን በአንደኛው ወገን ጥርስ ላይ ብቻ አዲስ ጥርስ ሲገጠም አስቡት። አዲሱ በረዘመ ቁጥር ነባሩ ባልንጀራ ወደ ውጭ ይገፋና ቦርጭ ያወጣል። ያ ቦርጭ ነው ዲ-ሉፕ። የተገፋው ክር ገና አልተገለበጠም! ተራው የሚደርሰው በኋላ ነው።

ዚፕ የትም ሊፈነዳ ይችላል፤ ዲኤንኤው ግን ቦታ ይመርጣል። ክላሚዶሞናስ በሚባለው ባለአንድ ሕዋስ አልጌ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ግልበጣው የሚጀምርባቸው ሁለት መነሻዎች ተለይተዋል። የክሎሮፕላስት ዲኤንኤው ጠቅላላ ርዝመት 204,000 የቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ «ፊደላት» ጥንድ) ገደማ ሲሆን፣ በሁለቱ መነሻዎች መካከል ያለው 6,500 ያህል ብቻ ነው።

ይህን ወስዳችሁ ግን ለአልጌ ሁሉ አታልብሱት። ዩግሊና የሚባለው ሌላ ባለአንድ ሕዋስ ፍጥረት የራሱ መነሻ አለው። በበቆሎ ክሎሮፕላስት ደግሞ ብዙው ዲኤንኤ መጽሐፍ ላይ እንደሚሳለው ክብ ሳይሆን ቀጥ ያለና ቅርንጫፍ ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ዲ-ሉፕ ታየ ማለትም ግልበጣው ዳር ደረሰ ማለት አይደለም። የራሱ ዲኤንኤና ዲ-ሉፕ ባለው በእኛ በሰዎች ሚቶኮንድሪያ (የሕዋስ ኃይል ማመንጫ) ውስጥ አብዛኛው አዲስ ክር ጥቂት ሄዶ እዚያው ይቆማል።

ደግሞ «ዲኤንኤው ተከፈተ» ሲባል ስንት እንዳለ አትርሱ። ክላሚዶሞናስ ያለው ክሎሮፕላስት አንድ ነው፤ በዚያ በአንዱ ውስጥ ግን የዲኤንኤው 80 ያህል ቅጂ ተቀምጧል።