አሻሚ ገጸ ባሕርይ ምንድን ነው?

ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። አርፍዶ የገባ ልጅ ገና አግዳሚው ላይ ሳይደላደል «አክተሩ የትኛው ነው?» ይላል። አንዱ በጣቱ ያሳየዋል። ከዚያ በኋላ ልጁ ሐሳብ የለበትም፤ አክተር አይሞትማ።

አንዳንድ ታሪክ ላይ ግን ጣቱን የሚቀስር ይጠፋል። ሰውዬው ጥሩ ነው ስትሉ ክፉ ይሠራል። ክፉ ነው ብላችሁ ስትቆርጡ ደግሞ ሳታስቡት ደግ ሆኖ ይገኛል። በሰፈር አነጋገር «ሆዱ አይታወቅም» የምንለው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው አሻሚ ገጸ ባሕርይ ነው። የሚሠራው ነገር ለሁለት ተቃራኒ ትርጉም እኩል ይመቻል።

ጥሩም መጥፎም ጎን ካለው ሰው ጋር እንዳታምታቱት። ጠጪ ግን ርኅሩኅ የሆነ አባት አሻሚ አይደለም፤ መጠጡንም ርኅራኄውንም እናየዋለን። አሻሚነት የሚመጣው ድርጊቱን እያየን ምክንያቱ ሲደበቀን ነው።

ለዚህ ከሃሪ ፖተሩ ሴቨረስ ስኔፕ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (መጻሕፍቱን ላነብ ነው የሚል ካለ እዚህ ላይ ያቁም፤ መጨረሻውን ልናገር ነው።)

ስኔፕ ሃሪ የሚማርበት የአስማት ትምህርት ቤት መምህር ነው። ድሮ የሃሪ ጠላት የሆነው የክፉው ጠንቋይ የቮልዴሞርት ተከታይ ነበር። ርእሰ መምህሩ ደምብልዶር ግን ያምነዋል፤ ሙሉ ምክንያቱን ለሃሪ አይነግረውም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2005 6ኛው መጽሐፍ ወጣ። መጨረሻው አካባቢ ደምብልዶር አንድ ማማ ላይ፣ የአስማት ዘንጉን ተነጥቆ፣ አቅሙ ተሟጦ ግድግዳ ተደግፏል። ስኔፕ ይመጣል። ሽማግሌው ስሙን ጠርቶ «እባክህ» ይለዋል። ስኔፕ ይገድለዋል።

እስቲ ያቺን «እባክህ» አገላብጧት። «እባክህ አድነኝ» ናት? ወይስ «እባክህ እንደተባባልነው ግደለኝ»? ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ወዲያው ይነቃል፤ ሰሙ የነፍስ ልመና፣ ወርቁ ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ከ«እባክህ» ቀጥሎ ምንም አልጨመረችም። 7ኛው መጽሐፍ የወጣው በጁላይ 2007 ነው። እስከዚያ ድረስ አንባቢ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጨቃጨቅ ከረመ። ልብ ሰቀላ ይሏል ይህ ነው።

ሌላም አለ። ስኔፕ ሊገድል ሲል ፊቱ ላይ ጥላቻና መጸየፍ ይነበባል። የሚጠላው ማንን ነው? አንድ ምዕራፍ ብቻ ወደ ኋላ ሂዱ። ሃሪ ራሱ፣ ደምብልዶር ባዘዘው መሠረት፣ ሽማግሌውን የሚያሠቃይ መጠጥ ይግተዋል። እየጋተውም ራሱን ይጠላል፣ የሚያደርገውን ይጸየፋል። ሁለቱም ቦታ ያው ስሜት ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ንግር ይሉታል፤ የኋላውን ነገር ቀድሞ በፍንጭ መጣል። ጉዳዩን እያወቃችሁ ስታነቡት ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በመጀመሪያው ንባብ ግን ዝም ብሎ ያልፋል።

ታዲያ እንዴት ይገመታል? የኔ ዘዴ አንድ ነው። ሰውዬውን ትቼ የሚያወራልኝን አያለሁ። ታሪኩን ከሞላ ጎደል የምናየው በሃሪ ዓይን ነው፤ ሃሪ ደግሞ ስኔፕን ማየት አይፈልግም። ጠላታችሁ ስለ እናንተ የሚያወራውን ሰምቶ የሚፈርድ ሰው አስቡ፤ እኛ ያ ሰው ነን።

ሮውሊንግ ይህን ከመጀመሪያው፣ በ1997 በወጣው መጽሐፍ፣ አሳይታን ነበር። በጨዋታ መሀል ሃሪ የሚበርበት መጥረጊያ አየር ላይ ሊጥለው ይወራጫል። ስኔፕ ዓይኑን ከልጁ ላይ ሳይነቅል ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። በቃ፣ እሱ ነው የሚደግምበት! እውነቱ ግን ስኔፕ ድግምቱን እያከሸፈ ነበር። ልጁን ሊገድል የነበረው ያ የሚንተባተበው፣ ሁሉም የሚያዝንለት መምህር ኩዊረል ነው። አንዴ እንዲህ ተሸውደን በ6ኛው እንደገና ባየነው ብቻ ፈረድን።

ለኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሃሪ የሌለበት ምዕራፍ ነው። እዚያው 6ኛው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ስኔፕ ቢያፈርሰው የሚገድለው መሐላ ይገባል። ሦስት ነገር ይጠየቃል። ሦስተኛው ላይ፣ ኋላ የደምብልዶር ግድያ መሆኑ በሚገባን ላይ፣ ሲደርስ እጁ ትንሽ ትነቃነቃለች። ያው ነው። ተራኪው ልቡ ውስጥ መግባት ሲችል በር ላይ ቆሞ እጁን ብቻ ያሳየናል።

መልሱ በ7ኛው መጣ። ስኔፕ የደምብልዶር ሰው ነበር። ሽማግሌው በእርግማን ተጎድቶ ሞቱ ተቃርቦ ስለነበር ግድያውን ራሱ ነው የጠየቀው። «ጥሩ ነው» ያሉት ደረታቸውን ነፉ።

እኔ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። ጥያቄው ሁለት ነው፤ አንድ አድርገን ስለጠየቅነው ነው የተምታታው። አንደኛው «ወገኑ የማን ነው?» ነው። እሱ ተመልሷል። ሁለተኛው «ምን ዓይነት ሰው ነው?» ነው። ሃሪ አድጎ ለልጁ የስኔፕን ስም ሰጥቶታል፤ መብቱ ነው። 3ኛው መጽሐፍ ውስጥ ግን ኔቪል የሚባል የ13 ዓመት ልጅ አለ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ ቁም ሳጥን ተቀምጧል፤ ውስጡ ያለው ፍጡር ፊቱ የቆመው ሰው አብዝቶ የሚፈራውን መልክ ይዞ ይወጣል። የኔቪል ተራ ደረሰ። በሩ ሲከፈት የወጣው ስኔፕ ነው።