የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ምንድን ነው? (መነሻ ካፒታል አይደለም)

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ አሚ ኮሌ ሲያወራ ሰማሁ። አሚ ኮሌ ጠቆር ላለ ቆዳ ታስቦ የተሠራ የአሜሪካ ሜካፕ ነው። በ2021 ተጀመረ (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ሴፎራ የሚባለው ትልቅ የመዋቢያ መደብር ገባ፣ ተወደደ፣ በ2025 መስከረም ላይ ተዘጋ። ሰውዬው ገርሞታል። «መስራቿ ኢንቨስተር አገኘች፣ መደርደሪያ ተሰጣት። የሥራ ማስኬጃ ገንዘብም ነበራት። ከዚህ በላይ ምን ይደረግላት?»

የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ያለው መነሻ ካፒታልን ነው። ይሄን ስህተት ከስንት ሰው አፍ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ሥራዬ የሰው ሒሳብ መያዝ ነው። ደንበኞቼ ውስጥ ሹሩባ ቤት ያላቸው፣ የፀጉር ቅባትና የከንፈር ቀለም የሚያሠሩ ወጣት ሴቶች አሉ። ሁለቱን ገንዘቦች ማምታታት ምን እንደሚያመጣ በየወሩ አየዋለሁ።

የመጽሐፉን ትርጉም ልለፈው። በአጭሩ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ማለት አንቺ ከፍለሽ፣ ለአንቺ ግን ገና ሳይከፈልሽ፣ በመሃል የሚያኖርሽ ገንዘብ ነው። የጊዜ ጉዳይ ነው። ብዛቱ እንኳን የሚታወቀው ስንት ቀን እንደምትጠብቂ ሲታወቅ ነው።

እንጀራን አስቡ። ጤፍ መግዛትና ምጣድ ማግኘት መነሻ ካፒታል ነው። ግን ዛሬ የተቦካ ሊጥ ዛሬ አይበላም። ሁለት ሦስት ቀን ቡሃቃ ውስጥ ይቀመጣል። ጤፍሽ አልጠፋም፣ እንጀራም አልሆነም። እነዚያን ቀናት ቤቱ የሚበላው ሌላ ነገር ሊኖር ይገባል። በዚያ ላይ ከእያንዳንዱ ቡኮ እርሾ ይቀራል። ርቦኛል ብለሽ እርሾውን ጭምር አሟጠሽ ከጋገርሽ ለሚቀጥለው ጎረቤት ልትለምኚ ነው። «ጤፍ ሰጥተናት አልነበር?» የሚል ሰው ቡሃቃውን ከፍቶ አላየም።

አሁን በቁጥር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፣ አካሄዱ ግን የየዕለት ነው። አንዲት ልጅ ከትልቅ መደብር የ5,000 የከንፈር ቀለም ትዕዛዝ መጣላት እንበል። አንዱን በ4 ዶላር ታሠራለች፣ ለመደብሩ በ9 ዶላር ትሸጣለች። ወጪዋ 20,000፣ ሽያጯ 45,000። ቤተሰብ እልል አለ።

ፋብሪካው ሥራ ሳይጀምር ግማሹን ይላል። 10,000 ወጣ። በ10ኛው ሳምንት ዕቃው ሲያልቅ ቀሪው 10,000 ወጣ። በ12ኛው ሳምንት ዕቃው መደብሩ መጋዘን ገባ። መደብሩ የሚከፍለው በ60 ቀን ነው፤ 90 የሚልም አለ። ስለዚህ ገንዘቡ የሚመጣው በ21ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ይሁን፣ ትጠብቃለች።

ችግሩ ዕቃው መወደዱ ነው። በ16ኛው ሳምንት መደብሩ እንደገና ደወለ፦ «8,000 ላኪልን።» ይሄ 32,000 ዶላር ወጪ ነው፣ ግማሹ አሁኑኑ። ልጅቷ እስከዛሬ ከዚያ መደብር አንድ ሳንቲም አላየችም። ከኪሷ የወጣው ግን 36,000 ሊሆን ነው። እምቢ ብትል መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እሺ ብትል ከየት ታምጣ?

የከሰረችው ስላልተሸጠላት አይደለም። በደንብ ስለተሸጠላት ነው። ተንታኙ ሊገባው ያልቻለው ይሄ ነው። ያልተሸጠላት ልጅ መጀመሪያ ያወጣችውን አጥታ ቤቷ ትገባለች። የተሸጠላት ግን በወረቀት አትርፋ፣ ባንክ ውስጥ ዜሮ ይዛ፣ ለፋብሪካ ባለዕዳ ሆና ትቀመጣለች።

45,000ውም ሙሉ አይመጣም። ደንበኛ የሚሞክረው ናሙና ብዙ ጊዜ በአምራቿ ወጪ ነው። ያልተሸጠው ይመለሳል። መደብሩ ቅናሽ ሲያደርግ ከቅናሹ ድርሻ ይቆርጥባታል። መለያ ወረቀቱ ጠመም ብሎ ቢለጠፍ መቀጫ አለ። እዚህ ላይ የእንጀራው ምሳሌዬ ይሰበራል። እንግዳ ያልበላውን እንጀራ ከሁለት ወር በኋላ ይዞ መጥቶ «መልሺልኝ» አይልም። (ባልደረባዬ «አብሲቱስ ምንድን ነው?» አለችኝ። ከሊጡ ላይ ቀንሰሽ፣ አብስለሽ፣ መልሰሽ የምትጨምሪው ስለሆነ ትርፍን መልሶ ሥራ ላይ ማዋል ነው አልኳት። አላሳመንኳትም።)

የአሚ ኮሌን መዝገብ ሳላይ ለምን እንደተዘጋ አልፈርድም። መስራቿ ዲያራ ንዲያይ ምባይ ራሷ ካነሳቻቸው ነገሮች አንዱ ግን ጥሩ የመደርደሪያ ቦታ ዋጋ እንዳለው፣ ትልልቆቹ የሚከፍሉትን እሷ መክፈል እንዳልቻለች ነው። የሜካፑ ስም የእናቷ ነው። እናቷ ከሴኔጋል መጥተው ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ሹሩባ ቤት የነበራቸው ሴት ናቸው። በአጠቃላይ በሹሩባ ቤትና በሜካፕ ፋብሪካ መካከል ያለው ልዩነት ሁሌም ይደንቀኛል። ሹሩባ ቤት ደንበኛዋ ከወንበር ስትነሳ ትከፍላለች። መጠበቅ ብሎ ነገር የለም። ኪራዩ ያስጨንቃል እንጂ የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ እምብዛም አይፈልግም። ልጅቱ ከእናቷ ሳሎን ወጥታ ምርት ስታመርት ሙያው አንድ ይመስላል። የገንዘቡ ጠባይ ግን ፍጹም ሌላ ነው።

ያው ተንታኝ «ማዳም ሲ.ጄ. ዎከር በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም አልጀመረችም?» ማለቱም አልቀረም። ዎከር የፀጉር ቅባት በመሸጥ የበለጸገች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ያ ገንዘብ ቢሆን እንኳ መነሻዋ ነው። ነገር ግን በ1906 ሥራውን ስትጀምር ቅባቷ የሚሸጠው ከቤት ቤት ዞሮና በፖስታ ነበር። ገንዘቡ ከትዕዛዙ ጋር ይመጣል። «በ60 ቀን ነይ» የሚላት ገዢ አልነበረም። ንጽጽሩ ከተፈለገ እዚያ ላይ ይነጻጸር።

ከ2020 በኋላ አሜሪካ ውስጥ ለጥቁር ሴቶች የውበት ሥራ የመጣው ድጋፍ ባብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው፦ ስጦታና መደርደሪያ። ኦሮራ ጄምስ የጀመረችው የ15 ፐርሰንት ቃል ኪዳን መደብሮች ከመደርደሪያቸው 15 በመቶውን ለጥቁሮች ምርት እንዲሰጡ ጠየቀ። ሴፎራ ከትልልቆቹ መጀመሪያ ፈረመ። ጥሩ ነገር ነው፣ አልቃወምም። ዋናው ቃል ግን ስለ ቦታ ነው። ልጅቷ በስንት ቀን ይከፈላታል የሚለው ጥያቄ ሌላ ጥያቄ ነው።

ስጦታውም እየጠበበ ነው። ፊርለስ ፈንድ የሚባለው የአትላንታ ድርጅት ለጥቁር ሴት ነጋዴዎች 20,000 ዶላር የሚሰጥበት ውድድር ነበረው። በ2023 የዘር አድልዎ ነው ተብሎ ተከሰሰ። በ2024 ሰኔ ላይ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት አገደው፣ መስከረም ላይ በስምምነት ተዘጋ። 20,000 ከላይ ያለችውን ልጅ የመጀመሪያ ትዕዛዝ በልኩ ይሸፍናል። ሁለተኛውን አይነካም። ሳልጠየቅ ልጨምር፦ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ የንግድ ስጦታ በአብዛኛው እንደ ገቢ ይቆጠራል፣ ግብር አለበት። ሙሉውን ለፋብሪካ የሰጠች ልጅ ሚያዝያ ላይ ትደነግጣለች። «ዕቃ ገዝቼበት የለ፣ ወጪ ነው» ትላለች። መጋዘን የተቀመጠ ዕቃ በጥቅሉ እስኪሸጥ ድረስ ወጪ አይባልም። ይሄን ስነግራቸው ፊታቸው ሲለወጥ ማየት አልወድም።

ዲሲ አካባቢ ያሉ የኛ ልጆች «ዕቁብ አለን» ይሉኛል። ዕቁብ ግሩም ነው፣ ወንበርና መስታወት ይገዛል። ግን ዕቁብ የሚደርሰው ዕጣ ሲወጣ ነው፣ ፋብሪካው ሲጠይቅ አይደለም። ዳኛው ተራ ካላቀያየረላት በስተቀር ለ16ኛው ሳምንት አይደርስላትም። ትዕዛዙን አሳይቶ መበደርም ይቻላል፣ ውድ ነው። ከዘጠኝ ዶላሯ ላይ ምን ያህል እንደሚበላ ሳታሰላ እንዳትፈርም።

እርዳታ የሚለውን ቃል የሚወድ መደብር ካለ ቀላሉ ነገር ትዕዛዝ ሲሰጥ ሩብ ወይም ግማሽ ቀድሞ መክፈል ነው። ለእሱ ምንም አይደለም። ለእሷ ሙሉው ቡሃቃ ነው።

አንዲት የፀጉር ቅባት የምታመርት ደንበኛዬ ባለፈው ዓመት የ300 መደብር ትዕዛዝ መጣላት። አብረን ቁጭ ብለን ሳምንቶቹን ቆጠርን። 40 መደብር ብቻ፣ በ30 ቀን ክፍያ፣ አለቻቸው። ተቀበሏት። አባቷ ግን ያን ቀን ስልክ ደውለው ተቆጡኝ፦ «ልጄን ሀብታም እንዳትሆን መከርካት።» አሁንም ሲያዩኝ ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ይላል።