ለሌሊቱ የስልክ ጨዋታ ስለት ይሳላል ወይ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ የተዋሕዶ ልጆች፣ በተለይ በአውሮፓ ያላችሁ፣ ስለ ቁማር ትምህርት በተሰጠ ቁጥር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ካርታ አልጫወትም፣ ውርርድም አልወራረድም፤ በቴሌቪዥን ለሚጠየቅ ጥያቄ ደውዬ ብመልስ ግን ምን አለበት? ዕውቀት ነው እኮ!» የሚል ነው። ጥያቄው በቅንነት ስለሚጠየቅ መልሱም ተድበስብሶ መታለፍ የለበትም።

በጀርመን «ኖይን ላይቭ» የሚባል ጣቢያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2011 የኖረው በዋናነት ከተመልካቹ የስልክ ጥሪ በሚያገኘው ገንዘብ ነው። ለአንድ ጥሪ 50 የዩሮ ሳንቲም ያህል ይቆረጥ ነበር። ጥያቄው ብዙ ጊዜ አንደኛ ክፍል ያለ ልጅ የሚመልሰው ዓይነት ነው፤ ከአንድ ቃል ላይ አንዲት ፊደል ጎድላለች፣ እሷን ሙሉ ይባላል። አቅራቢዋ ብሩን እያሳየች «መልሱን የሚያውቅ ሰው የለም እንዴ? ቶሎ በሉ፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው!» ትላለች። መልሱን የሚያውቀው ግን ብዙ ነው፣ የሚደውለውም ብዙ ነው። ወደ ስቱዲዮው የሚያልፈው አንድ ሰው ሲሆን እሱንም የሚለየው ኮምፒዩተር ነው። የቀረው ሰው የሚሰማው ተቀድቶ የተቀመጠ ድምፅ ነው፤ አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ። ሒሳቡ ግን ተቆርጧል።

እንግዲህ የተከፈለው ለዕውቀት አይደለም። ለዕጣ ነው የተከፈለው። ጥያቄው ሰውን አባብሎ ስልኩን እንዲያነሣ ለማድረግ የተቀመጠ ነው። ሰውዬው «ቁማር ተጫወትኩ» ብሎ ኅሊናው እንዳይወቅሰው፣ «አውቄዋለሁ እኮ» እያለ ደጋግሞ እንዲደውል ያደርገዋል።

ጥያቄው ሲከብድ ደግሞ ከልክ በላይ ይከብዳል። በእንግሊዝ አይቲቪ የሚባለው ድርጅት በሌሊት ያሳየው በነበረ አንድ የጥያቄ ዝግጅት ላይ «በሴት ቦርሳ ውስጥ ምን ይገኛል?» ተብሎ ተጠየቀ። ሕዝቡ መስተዋት፣ ሊፕስቲክ፣ ቁልፍ እያለ ሲደውል ቆየ። በመጨረሻ ከተገለጡት መልሶች መካከል ግድግዳ ላይ ብሎን የሚታሰርበት ፊሸርና ፊት የሚሸፍን የብርድ ኮፍያ ነበሩበት! ፊሸር ይዛ የምትዞር ሴት ያያችሁ እስቲ ንገሩኝ። ነገሩ የአገሪቱ ምክር ቤት ድረስ ደረሰ፤ ኮሚቴውም እ.ኤ.አ. በ2007 ስለነዚህ ዝግጅቶች ዘገባ አወጣ። በዚያው ዓመት የብሮድካስት ተቆጣጣሪው ኦፍኮም ጂኤምቲቪ የተባለውን የጠዋት ጣቢያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው። ጥፋቱ ምን ነበር? የመጨረሻዎቹ ተወዳዳሪዎች ተመርጠው ካለቁ በኋላ መስመሩ ክፍት እየቆየ የሰው ገንዘብ ይቆረጥ ነበር። በማግሥቱ ዓመት አይቲቪ ራሱ 5 ሚሊዮን 675 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ።

ይሁን እንጂ ማጭበርበሩን ብቻ ይዘን ከቆምን ትምህርቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። «ንጹሕ ቢሆንስ? በሕግ ቢመራስ?» የሚል ይመጣልና።

ሽልማቱ ከየት እንደሚመጣ እንጠይቅ። ከሰማይ አይወርድም፣ ባለ ጣቢያውም ከኪሱ አያወጣውም። ደውለው ያልገቡት ሰዎች ያዋጡት ነው። እነሱስ እነማን ናቸው? ከሌሊቱ በሰባትና በስምንት ሰዓት ቴሌቪዥን ፊት የሚገኘው ማን ነው? ሥራ ያጣ፣ የማታ ፈረቃ ጨርሶ የገባ፣ ዕዳው እንቅልፍ የነሣው፣ ብቸኝነት ያስጨነቀው ነው። በባዕድ አገር ያለን ሰዎች ይህን ሰዓት እናውቀዋለን። አባቶቻችን በመንፈቀ ሌሊት ለጸሎት የሚነሡበት ሰዓት ነው፤ ዳዊትም «በእኩለ ሌሊት አመሰግንህ ዘንድ እነሣለሁ» ያለበት።

አሁን ወደ ስለቱ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው። ከእኛ መካከል ሲደውል «መድኃኔዓለም፣ መስመሩን ክፈትልኝ፤ ከደረሰኝ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብሎ የሚሳል አለ። ለሎተሪም ለውርርድም እንዲሁ ይሳላል። ስለት ያለ ነው፣ መልካም ነው፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ትቀበለዋለች። ግን ሐናን እንመልከት። ሐና ልጅ አጥታ፣ ጣውንቷ ፍናና እያስቆጣቻት፣ በመቅደስ አልቅሳ ተሳለች። የተሳለችው ከፍናና ልጆች አንዱ እንዲሰጣት አልነበረም። ሳሙኤል ሲወለድ ከማንም ጓዳ የጎደለ ነገር የለም። የሌሊቱ ደዋይ ጸሎት ግን «ጌታ ሆይ፣ የነዚያን ሁሉ ሳንቲም ሰብስበህ ለእኔ ስጠኝ» ከማለት በምን ይለያል? በዚያው ደቂቃ ሌላዋ እኅታችን በሌላ ከተማ ለዚያው መድኃኔዓለም ለዚያው መስመር ተስላ ይሆናል። ደግሞም በዘዳግም 23 እግዚአብሔር በነውር የተገኘን ዋጋ ለስለት ወደ ቤቱ እንዳያመጡ ከልክሏል። ጃንጥላው ያማረ ነው ተብሎ የገዛው ገንዘብ አይነጻም።

«ዕጣ በጉያ ይጣላል፤ መደብዋ ግን ከእግዚአብሔር ነው» የሚለውን ምሳሌ 16፥33ን የሚጠቅስም አይጠፋም፤ ሐዋርያት ማትያስን በዕጣ መርጠው የለም ወይ ይላል። መርጠዋል፣ ከጸለዩ በኋላ። በዚያ ዕጣ የከፈለ የለም፣ የተበላም የለም። ማትያስ የወጣለትም የመከራ አገልግሎት ነበር። ዕጣና ገንዘብ አንድ ላይ የሆኑበትን ከፈለግን ከመስቀሉ ሥር የጌታን ልብስ የተጣጣሉትን ወታደሮች እናገኛለን። በሐዋርያት ስም የሚታወቁት ቀኖናትም ካህኑንም ምእመኑንም ከቁማር የሚከለክሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ የተያዘ ሰው ካለ፣ በራሱ ቁርጠኝነት ብቻ እተወዋለሁ ብሎ አይታመን። የስልክ ድርጅቱ ልዩ ክፍያ ያለባቸውን ቁጥሮች እንዲዘጋለት ይጠይቅ፤ በእንግሊዝ በ09 የሚጀምሩት ናቸው። አገር ቤት ያለ ደግሞ በአጭር ቁጥር በየቀኑ የሚቆርጠውን የሽልማት መልእክት «ስቶፕ» ብሎ ያቋርጠው። የወሩን የስልክ ሒሳብ ለትዳር አጋሩ ያሳይ፣ ለንስሐ አባቱም ይንገር። ንስሐ አባቶችም «ቴሌቪዥን ነው» ብላችሁ በቀላሉ አትለፉት፤ ስንት እንደወጣበት ጠይቁት።

ደውሎ ያሸነፈስ? ዘኬዎስ የበደላቸውን ያውቃቸው ነበርና አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ። የእኛ ሰው ግን ገንዘባቸውን የወሰደባቸውን በስም አያውቃቸውም። ስለዚህ ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ለተቸገረ ይስጠው፤ ስሙ ሳይጠራ፣ በማይክሮፎን ሳይነገርለት።