ሪግሬሽን ቴስት ምንድን ነው?

አንድ ባግ፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት፣ አገኛችሁ፣ አስተካከላችሁ፣ ተገላገላችሁ። ከወራት በኋላ ሌላ ሰው «ይሄን ኮድ ትንሽ ላሳምረው» ብሎ ይነካካዋል፣ ያው ባግ ተመልሶ ከች ይላል። ሪግሬሽን ቴስት ይሄ ሲሆን የሚጮህ ትንሽ ኮድ ነው። አንድ ጊዜ የተገኘን ስህተት ይዞ ይቀመጣል፣ ኮዱ በተነካ ቁጥር ይሮጣል፣ ስህተቱ ከተመለሰ ይወድቃል። ትርጉሙ ይሄው ነው። ግን በኦፕን ሶርስ ላይብረሪ (ማንም አይቶ ሊያሻሽለው በሚችል፣ ሌሎች ፕሮግራሞች በሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ውስጥ እጃቸውን ማስገባት ለሚፈልጉ ሰዎች፣ ከማስተካከያው ኮድ ይልቅ ብዙ ጊዜ ዋጋ ያለው ይሄ ቴስት ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

በምናውቀው ነገር እንየው። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይር ላይብረሪ እናስብ። እንደ አይሲዩ እና ጆዳ ታይም ያሉ ትልልቆቹ ላይብረሪዎች የኛን ካላንደር ይዘዋል፤ ትንንሾቹን ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው በትርፍ ሰዓቱ ነው የሚጽፋቸው። እና እዚህ ላይ በጣም ቀላል ስህተት አለ፦ የፈረንጁን ደንብ እንዳለ ገልብጦ «ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ምንም ካልተረፈ ጳጉሜ 6 ቀን ናት» ማለት። የኛ እንደዛ አይደለም። ጳጉሜ 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ማለት ነው። ለምሳሌ 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ ጳጉሜም 6 ነበረች፣ መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለውም ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው።

ስህተት ያለበት ላይብረሪ ግን አዲሱን ዓመት አንድ ቀን ያስቀድመዋል። 2016ን ሙሉ አንድ ቀን ቀድሞ ይሄድና ዓመቱ ሲያልቅ የሌለች ጳጉሜ 6 ፈጥሮ ራሱን ያስተካክላል። ከአራት ዓመት ሦስቱን ትክክል ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ማንም የማያስተውለው።

ይባስ ብሎ ደግሞ ገና አለ። ሁላችንም ገና ታኅሣሥ 29 ነው ብለን ነው ያደግነው። ከሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይውላል፣ ዓመቱ ከመግባቱ በፊት ጳጉሜ 6 ስለነበረች። ስለዚህ ጃንዋሪ 7 ቀን 2024 ትክክለኛው መልስ ታኅሣሥ 28 ቀን 2016 ነው። የተበላሸው ላይብረሪ ደግሞ ታኅሣሥ 29 ይላል! ስህተቱ ትክክል መስሎ ነው የሚታየው። እንዲያውም ባጉን አስተካክላችሁ ከሄዳችሁ በኋላ አንድ ቅን ሰው መጥቶ «ገናን በ28 ያሳያል፣ ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ድሮው ሊመልሰው ይችላል። ኮዱ ላይ ኮሜንት ብትጽፉ ላያነበው ይችላል፣ ቴስት ከሆነ ግን ዘሎት ማለፍ አይችልም፤ ቀይ ያበራበታል፣ ስሙም «በዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ነው» የሚል ከሆነ ጨርሶ ጥያቄም አይኖረው።

አሠራሩ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ ቅደም ተከተሉ። ላይብረሪውን ፎርክ አድርጋችሁ (የራሳችሁን ቅጂ ወስዳችሁ) ወደ ኮምፒውተራችሁ ካወረዳችሁ በኋላ ምንም ሳትነኩ መጀመሪያ ቢልድ አድርጉት፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀይሩት፣ ያሉትን ቴስቶች በሙሉ አስኪዱ። ከመጀመሪያውም የሚወድቅ ካለ እወቁት፣ አለዚያ በኋላ የእናንተ ጥፋት ይመስላችኋል። ከዛ ቴስቱን ጻፉ። ማስተካከያውን አይደለም፣ ቴስቱን። አስኪዱት፣ ሲወድቅ በዓይናችሁ እዩት። አሁን ኮዱን አስተካክሉ፣ ድጋሚ አስኪዱ፣ አረንጓዴ ሆነ።

ለምን መውደቁን ማየት አስፈለገ? ወድቆ የማያውቅ ቴስት ምን እንደሚጠብቅ አይታወቅማ። የ2017ን ቀን የሚፈትሽ ቴስት ብትጽፉ ባጉ እያለም ያልፋል። ዘበኛ ቀጥራችሁ የጎረቤት በር ላይ እንደማቆም ነው። ማስተካከያውን ቀድማችሁ ከጻፋችሁም ችግር የለውም፣ ለጊዜው አንሱትና ቴስቱ ይወድቅ እንደሆነ ሞክሩ፣ ከዛ መልሱት።

ቀጥሎ ፑል ሪኩዌስት፣ ማለትም «ለውጤን ተቀበሉኝ» የሚል ጥያቄ፣ ለላይብረሪው ባለቤቶች ትልካላችሁ። አብዛኞቹ ፕሮጀክቶች ላይ ሲአይ የሚባለው ሲስተም ቴስቶቹን በሙሉ ሌላ ሰርቨር ላይ ራሱ ያስኬዳቸዋል፣ እና እናንተ ጋ ያለፈው እዛ ሊወድቅ ይችላል። የቀን ላይብረሪ ላይ ዋናው ተጠርጣሪ የሰዓት ልዩነት ነው። ጃቫስክሪፕት ውስጥ ሰዓት የሌለው ቀን፣ ዓመት ወር ቀን ብቻ በጽሑፍ ሲሰጠው፣ በዩቲሲ (የዓለም የጋራ መነሻ ሰዓት) እኩለ ሌሊት አድርጎ ነው የሚወስደው። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 አዲስ አበባ ላለ ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚሆን ቀኑ አይነካም፣ ጳጉሜ 6 ይላል። ዋሽንግተን ላለው ግን ገና ሴፕቴምበር 10 ምሽት ነው፣ ስለዚህ ያው ኮድ ጳጉሜ 5 ያሳየዋል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ይሄን ባግ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ቴስቱ የሰዓት ቀጠናውን ራሱ ወስኖ መነሳት አለበት፣ አንዴ በአዲስ አበባ፣ አንዴ በኒውዮርክ ሰዓት።

ይሄን ነገር ከምር ከሚይዙት አንዱ ስልካችሁ ውስጥ ያለው ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ ነው። የቴስት ኮዱ ከራሱ ከላይብረሪው ኮድ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል፣ ደንባቸውም ግልጽ ነው፦ ባጉን የሚያሳይ ቴስት እስካልተጨመረ ድረስ ባጉ ተስተካክሏል አይባልም። (የሚገርመው፣ ኤስኪውላይት ኮዱ ለሁሉም ክፍት ቢሆንም የውጭ ሰው ኮድ እንዲሁ አይቀበልም። ለመጀመሪያ ፑል ሪኩዌስት የሚሆን ቤት አይደለም።)

ለሁሉም ነገር ቴስት ጻፉ እያልኩ አይደለም። ሰነድ ላይ ያለ የፊደል ግድፈት ቴስት አያስፈልገውም። ቴስቱም የላይብረሪውን ሆድ ዕቃ መፈተሽ የለበትም፤ ውስጥ ያለው ፈንክሽን ስሙ ሲቀየር የሚወድቅ ቴስት ሰው ከማሰልቸት ውጪ ጥቅም የለውም። ተጠቃሚው የሚያየውን ብቻ ይፈትሽ፦ ይሄን ቀን ሰጠሁህ፣ ይሄን መልስልኝ።

ላይብረሪውን የሚጠብቁት ሰዎች ፑል ሪኩዌስታችሁን ሲያዩ መጀመሪያ ቴስቱን ቢያነቡ አይግረማችሁ፣ ባጉ ምን እንደነበር ከዛ በላይ በአጭር የሚነግራቸው የለም። ጎበዝ ገምጋሚ ካጋጠማችሁ ደግሞ «2100ስ?» ይላችኋል። በፈረንጁ 2100 አራት ዓመት አንዴ የሚመጣው ፌብሩዋሪ 29 የለውም፣ የኛ ካላንደር ግን እንደዛ አይዘልም። ስለዚህ ከዛ በኋላ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 11 መሆኑ ይቀርና 12 ይሆናል፣ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ሲመጣ ደግሞ 13። መስከረም 1 ቀን 2093 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2100 ነው። እሱንም ቴስቱ ውስጥ ጨምሩት፣ አንድ መስመር ነው።